ዲስኩ ላይ የተጻፈው አራት ቁጥር

ከዋሸሁ ይህቺ ምላሴ ትድረቅ፤ ነገሩ እዚሁ ዲላ የሆነ ነው።

እስክንድርን በየዓመቱ ቁጥሩ ብቻ እየተቀየረ የሚመጣው የኳስ ጌም አንገሸገሸው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኑ እስኪቀላ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የራሱን ጌም ሠራ፤ ሟች አባቱ የጠፋች ፍየላቸውን ፍለጋ ከሬኮ ተነስተው ዲላ ድረስ በእግራቸው የሚኳትኑበት። በዓለም ላይ ወንድም እህት የሌለው ጌም ነበር።

በዲስክ ገልብጦ ሰፈሩ ወዳለው ጌም ቤት ወሰደው። የጌም ቤቱ ባለቤት አብዱልአዚዝ ዲስኩን አገላብጦ አየው።

«ቁጥሩ የታለ?»

«የምን ቁጥር ጋሼ? የመጀመሪያው እኮ ነው።»

«አይ አንተ! የመጀመሪያውንማ ማን ይነካልሃል?» አለና በማርከር ትልቅ አራት ጻፈበት።

በማግስቱ ወረፋው አስፋልት ደረሰ። እስክንድር ጥግ ይዞ ተጫዋቾቹ አባቱን ሲያስሮጧቸው ሲያይ ዋለ። እኚህ ሰው ማን ናቸው ያለ አንድም አልነበረም። ፍየሏ እንደተገኘች አንዱ ተጫዋች ዞር አለና፣ «ብሮ፣ ሦስተኛው ይሻል ነበር! ሦስተኛውን ስንት ቀን ተጫውቼዋለሁ መሰለህ። አምስተኛው መቼ ነው?» አለው።

እስክንድር ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያም ቤቱ ገብቶ የሦስት ዓመት ሥራውን ከነአባቱ አጠፋው።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ። ሳቀ ያልኩትን ብቻ እኔ ነኝ የጨመርኩት።