የትሎቹ ፋይል

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሳሙና ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት ባይታወቅም ያለ ምክንያት አልወጣም። የሰው ኪቦርድ ሳትወለውል አትነካም፤ በር የምትከፍተው በክርኗ ነው፤ አጠገቧ ሰው ካስነጠሰ ወንበሯን ይዛ ትሰደዳለች። እንዲህ ያለችው ሴት የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ተቋም የኮምፒውተር ባለሙያ መሆኗ የዕድል ቀልድ ነው። በአንዱ ክፍል መዥገር ይፈለፈላል፤ በሌላው የላም እበት በብልቃጥ በብልቃጥ ተሰልፏል፤ እሷ መሃል ለመሃል አፍንጫዋን ይዛ ገመድ ትዘረጋለች።

የባሰው ግን ከገዛ ቤቷ ነበር። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ከእነሱ ጋር እየኖረ እዚያው ተቋም ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያጠናው ስለ ትል ነው። ከብት ቁስል ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች፤ የእሷን ትሎች በመስታወት ሳጥን ውስጥ ጉበት እያበላ ያሳድጋል። ቤት የሚገባው እስከ ክርኑ ታጥቦና ልብሱን ቀይሮ ቢሆንም ለሳሙና ሽታው ከቆዳው ሥር ያለ ይመስላታል። አንድ ቀን ቀይ መስመር ያለበት የቆርቆሮ ኩባያ ለይታ ሰጠችው። ኩባያውን ወደ ላብራቶሪው ወሰደና ቤት ውስጥ ሲጠማው ከቧንቧ በእፍኙ ይጠጣ ጀመር። ባሏ ይህን ያየ ቀን "ወንድሜን የጎረቤት ውሻ አደረግሽው" ብሏታል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አንድ ጠዋት ዋርሳዋ ቢሮዋ ደጃፍ ላይ ቆመ። ልማዱ ነው፤ አይገባም።

"እትዬ፣ ኮምፒውተሬ ቀጭ ቀጭ ይላል" አላት።

ድምፁን ታውቀዋለች፤ ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲያጣጥር የሚያሰማው ነው። አትጨነቅ፣ ባክአፕ አለ፣ ሪፖርቱ በየጠዋቱ አረንጓዴ ነው አለችው። እሱ ግን ትልቁ ፋይልስ አለ ወይ ብሎ ደገመና ጠየቃት።

ትልቁ ፋይል ማለት የዲግሪው ነፍስ ነው። ፈታኞቹ ያልተቆረጠ ቀረጻ ካላየን አንቀበልም ስላሉት፣ ትሎቹ ከእንቁላል ወጥተው ዝንብ እስኪሆኑ ካሜራው ሳያቋርጥ ቀርጿቸው ሁሉም በአንድ ፋይል ተጠራቅሟል። ቀረጻው በቅርቡ ነው ያለቀው። በተቋሙ ካሉት ፋይሎች አንድም የሚያክለው የለም። የትምህርት ጊዜው ሊያልቅ ስለሆነ ያ ከጠፋ እንደገና የሚቀርጽበት ፋታ የለውም፤ ባዶ እጁን ወደ አገሩ መመለስ ነው።

ሳሙና የባክአፑን ቅጂ ከፍታ ፈለገች። ፎቶዎቹ አሉ፤ ሰንጠረዦቹ አሉ። ትልቁ ፋይል የለም። ክው አለች። ሴቲንጉን ስታገላብጥ አንዲት ትንሽ ምልክት አገኘች፤ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውን ፋይል እለፍ ትላለች። ፕሮግራሙ ታዛዥ ነው፤ እለፍ ሲሉት ያልፋል። ያለፈውን እንደ ጥፋት ስለማይቆጥረው ሪፖርቱ አረንጓዴ ይሆናል።

ሥራውን ያስረከባት ባለሙያ ያላት ትዝ አላት። ሪፖርቱ ሲቀላ የተቋሙ ኃላፊ ይቆጣል፣ እኔ ግን መድኃኒት አግኝቼለታለሁ ብሏት ነበር። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። በየወሩም ከቅጂው አንድ ፋይል ከፍቶ መፈተን የእሷ ሥራ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ የምትከፍተው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነበር፤ ንጹሕ ነዋ። የዋርሳዋን ፎልደር አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም፤ ትል እንዳታይ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። አለባብሰው ካረሱት አንዷ እሷ ነበረች፤ ይህን ስታውቅ ራሷ ለራሷ ቀፈፈቻት።

ኮምፒውተሩ ከተነቀነቀ አይመለስም፤ ስለዚህ የትል ክፍል ድረስ መሄድ ግድ ሆነባት። ጓንት በጓንት ላይ አጥልቃ፣ አፏን ሸፍና ገባች። የጉበቱ ሽታ ጭንብሉን አልፎ ጉሮሮዋ ላይ ተቀመጠ። ከስክሪኑ ጎን አዲስ የተፈለፈሉ ትሎች ያሉበት ሳጥን አለ፤ እንደ ተቀቀለ ሩዝ ነጭ ናቸው፤ ልዩነቱ መንቀሳቀሳቸው ነው። ጀርባዋን ሰጠቻቸውና ሥራዋን ያዘች። የእለፍን ምልክት አነሳች። ፋይሉ በአንድ ትንፋሽ እንዳይገለበጥ በትንንሽ ክፍል እንዲቆራረጥ አደረገች፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ። እያንዳንዱ ክፍል ከተገለበጠ በኋላ ከዋናው ጋር እንዲመሳከርና እምቢ ያለውን በራሱ ፈቃድ እንዳይዘል፣ ሰው እንዲጠይቅ አዘዘችው።

ግልበጣው ጥቂት እንደሄደ ቆመ። ቅጂው የሚቀመጥበት ሰርቨር ቦታ የለኝም አለ።

ቦታውን የበላው "ስትራቴጂክ ዕቅድ" የሚባል የኃላፊው ፎልደር ነው። ፎልደሩ ከእለፍ ትእዛዝ ነጻ የወጣ ብቸኛው ሆኖ ተገኘ። ከፈተችው። ዕቅድ የሚባል ነገር የለም፤ ቪዲዮ ነው። ኃላፊው ማይክ ይዞ፣ ኃላፊው ሪባን ሲቆርጥ፣ ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ ኃላፊው በየአዳራሹ ግብዣ ላይ ሲበላ። የተቀረጸው በተቋሙ የምርምር ካሜራ ስለሆነ ጥራቱ አይጣል ነው፤ ቅባቱ በአገጩ ሲወርድ፣ አፉን ሞልቶ ሲስቅ ፍርፋሪው ሲበተን፣ ጣቱን እየላሰ የሰው ትከሻ ሲያቅፍ አንድም አላመለጠው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይሉ ነበር፤ ይህኛው በልቶም አልበቃው ብሎ አበላሉን ባክአፕ ያስደርጋል። ዞር ብላ ትሎቹን አየች። እነሱ ቢያንስ ሲበሉ ንግግር አያደርጉም።

ጓንትና ጭንብሏን አውልቃ ኃላፊው ቢሮ ስትደርስ ብርቱካን እየላጠ ነበር። ፍሬውን እንትፍ የሚለው ከፊቱ ያለ የአንድ ተማሪ ማመልከቻ ላይ ነው። ነገሩን አስረዳችው፤ ቪዲዮዎቹ ከእርስዎ ኮምፒውተር አይጠፉም፣ ቅጂያቸው ብቻ ለጊዜው ይነሳ አለችው። ሰምቶ ሲያበቃ ሳቀ።

"የኔን አንስተሽ ትል ልታስቀምጪ?"

"የልጁ ዲግሪ ነው።"

"ዝንብ መቼ ጠፍቶ ነው? ሌላ ያርባ። ሪፖርቱ እንደነበረ አረንጓዴ ይቆይልኝ፤ እኔም ሰኞ ውልሽን አድሳለሁ። ተስማማን?"

ጭማቂ የሚንጠባጠብ እጁን ዘረጋላት። ውሏ በዚያው ወር ያበቃል። ጨበጠችው።

ከዚያ ወደ መታጠቢያው ሮጠች። ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ጭማቂው ወዲያው ለቀቀ፤ ጸያፉ ነገር ግን አልለቅ አለ። እጇን ፈተገችው፤ ቀላ፤ አሁንም አለ። ያን ጊዜ የምታጥበው ብርቱካን እንዳልሆነ ገባት።

ወደ ትል ክፍሉ ተመልሳ ጓንቷን አጠለቀችና "ስትራቴጂክ ዕቅድ"ን ከባክአፑ አነሳችው። ሪፖርቱ ወዲያው ቀላ፤ የኃላፊው ፎልደር ስም ቅጂ የለውም ተብሎ ላዩ ላይ ተጻፈ። ግልበጣውን እንደገና አስነሳች። ዋርሳዋ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ነው፤ በገዛ ክፍሉ።

"ግባ እንጂ። ወንበር ሳብ" አለችው።

ዲስኩ ያጣጥራል። በየመሃሉ አንድ ክፍል እምቢ ሲል ፕሮግራሙ ይጠይቃል፤ ልለፈው ወይስ ልሞክረው? ልሞክረው የሚለውን መንካት ነው፤ እንደገና፤ እንደገና። እጇ ሲዝል እሱ ይተካታል፤ የእሱ ዓይን ሲፈዝ እሷ። አንድ ጊዜ እሱ፣ አንዱን ብንዘለውስ፣ ማን ያውቃል አላት። እሷ መለስ ብላ አላየችውም።

"አይዘለልም። መዝለል ነው እዚህ ያደረሰን።"

የመጨረሻው ክፍል ገብቶ ሲመሳከር ቀጭ ቀጩ አቆመ። ዲስኩ ሞቷል። ሳሙና ቅጂውን ከሰርቨሩ ከፈተች፤ ዛሬ እንኳ በደንብ ልትፈትን። የቀረጻው ማብቂያ ላይ ቡናማው ቅርፊት ተሰነጠቀና ዝንቧ እርጥብ ክንፏን እየጎተተች ወጣች። ሳሙና አፏን ያዘች። ውሸት ምን ያደርጋል፤ ሊያስመልሳት ነበር። ዋርሳዋ ግን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቀና ሲል ዓይኑ ርሷል።

ኃላፊው መጣ። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ስልኩ ላይ የቀላውን ሪፖርት እያሳየ ከደጃፉ አላለፈም።

"ተጨባብጠን አልነበር?"

"ታጠብኩት" አለችው።

ውልሽ አይታደስም አላት፤ ብዙም አልቆየም። ኮሪደሩ ላይ ሲያስነጥስ ተሰማ።

ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር። ዋርሳዋ ገባውና ተነሳ፤ ከመስኮቱ ሥር ያን ባለ ቀይ መስመር ኩባያ አንስቶ ሁለት ሦስቴ አለቅልቆ ውሃ ሞላው። ሊሰጣት ሲል ምን እንደያዘ ትዝ ብሎት እጁን መለሰ። ሌላ ዕቃ እዚህ የለም፣ ወጥቼ የታሸገ ልግዛልሽ አላት።

ሳሙና ጓንቷን አወለቀች፤ አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። ኩባያውን ከእጁ ተቀበለች። ቀፈፋት፤ እስከ አንጀቷ ቀፈፋት። ጨልጣ ጠጣችው።

"ዛሬ ኩባያውን ቤት ይዘኸው ና" አለችው፤ "ከሌሎቹ ጋር ይታጠባል።"

ኩባያውን ተቀብሎ በጃኬቱ ኪስ ከተተው።