ለቃለአብ የተተከለ ድንች

ዘርፈሽ ውሸት አትችልበትም። አለመቻሏን ጎጆ ከተማ በሙሉ ያውቃል፤ ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት። ባሏ ይገዙና አንድ ልጇ ቃለአብ ከተኳረፉ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሌለ ሰላምታ ስታመላልስ ኖራለች። «አባትህ እንዴት ነው ብሎሃል» ትላለች በስልክ። አባትየው ግን የልጁን ስም እንኳ አላነሳም። አንድ ጊዜማ ማር ገዝታ አምቦ ድረስ በመኪና ላከችለትና «አባትህ ነው የላከልህ» አለችው። ልጁ፣ ምስኪን፣ ልቡ ተነክቶ፣ ስንት ቀን ሲያመነታ ከርሞ ለአባቱ ደወለ።

«አባዬ፣ ስለ ማሩ አመሰግናለሁ።»

«የምን ማር?» አለ ይገዙ፤ ስልኩም ተዘጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃለአብ እናቱ ስለ አባቱ የምትነግረውን ሁሉ «እሺ፣ እማዬ» ብሎ ያልፈዋል።

ጠቡ የመጣው በሃይማኖት ነው። ይገዙ ጭልሞ ደን ላይ በጥበቃ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ጾም የማይሽር ሰው ነበር። ቃለአብ ደግሞ አምቦ ለትምህርት ሄዶ፣ እዚያው አስተማሪ ሆኖ፣ በኋላ ጴንጤ ሆኖ መጣ። ሽማግሌዎች ሊያስማሟቸው ሲቀመጡ ይገዙ ብድግ አለና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም፤ ብሞትም ቀብሬ ላይ እንዳይቆም» አለ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ይኸው ሰውዬ ከጎረቤቱ ከድንቅቱ ጋር ሠላሳ ዓመት ዶማ ሲዋዋስ፣ እሷ ከልጅነቷ ጀምራ ጴንጤ መሆኗ አንድም ቀን እንቅልፍ ነስቶት አያውቅም። በገዛ ልጁ ላይ ነው የጨከነው። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከቤቱ ጀርባ፣ በአጥሩ ሥር፣ የቃለአብ መደብ የምትባል ቁራጭ መሬት ነበረች። ገና ፊደል ሲቆጥር አባቱ በእርምጃው ለክቶ፣ «ይቺ ያንተ ናት፣ እኔ አልገባባትም» ብሎ የሰጠው ናት። በየዓመቱ ድንች ይተክልባታል፤ በየዓመቱም ድንቹን የሚያወጣው እሱ ነው፣ ማንም አይነካበትም። ከጠቡ በኋላ ይገዙ ጎመኑንም ነጭ ሽንኩርቱንም ዙሪያዋን ይተክላል እንጂ ያቺን መደብ አልደረሰባትም። ሦስት ክረምት አረም በላት። ዘርፈሽ በአጠገቧ ባለፈች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

ነገሩ የተለወጠው በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ይገዙ ደረቱን ካመመው ወራት አልፎታል፤ አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ አሥር ይሄዳል። አንድ ቀን ጠዋት ዘርፈሽ ወደ ጓሮ ብትወጣ በቃለአብ መደብ ላይ ተንበርክኮ አረሙን ሲነቅል አገኘችው። አጠገቡ የጎነቆለ ቀይ ድንች በቅርጫት ተቀምጧል። ልታግዘው ብትጎነበስ እጇን ገፋ አደረጋት። ስድስት ረድፍ ተከለ። እኩለ ቀን ላይ ጨርሶ ዶማውን ተደግፎ ቆመና፣ «ይኼን የሚያወጣው ቃለአብ ነው» አለ።

ዘርፈሽ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ልንገረው?» አለችው።

«አንቺማ እንዳትነግሪው። አንቺን ማን ያምንሻል?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል አመጣበት። ሳሉ ሲለቀው፣ «ሲደርስ እኔው እደውልለታለሁ። ና አውጣ እለዋለሁ። ሌላ ሌላውን አልችልበትም» አለ።

አልደወለም። ድንቹ አበባ ባወጣ ሰሞን፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ይገዙ አረፈ።

የቀብሩ ዕለት ቃለአብ መጣ፤ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው የቆመው። ዝናቡ ይወርድበታል። ግባ ብለው ለለመኑት ሰዎች፣ «ቀብሬ ላይ እንዳይቆም ብሏል፤ አልቆምም» አላቸው። ዘርፈሽን ሴቶቹ ደግፈው ይዘዋት ልትደርስበት አልቻለችም። ሥርዓቱ አልቆ ስትወጣ ሄዷል።

ሣልስቱ ባለፈ ማግሥት ደወለችለት። «አባትህ ይቅር ብሎሃል» አለችው። «መደብህ ላይ ድንች ተክሎልሃል። የሚያወጣው ቃለአብ ነው ብሏል፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ልጁ፣ «እማዬ፣ እንደ ማሩ ነው?» አላት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ይኼ እውነት ነው፣ በአባትህ አጥንት። ናና በዓይንህ እይ። ሦስት ዓመት አረም የበላውን ቦታ ማን ተከለው?»

«እሺ። ለመስቀል እመጣለሁ።»

ከዚያ በኋላ ያ ድንች ለዘርፈሽ የሚበላ ነገር መሆኑ ቀረ። ያላት ምስክር እሱ ብቻ ነው። ድንቅቱ በአጥሩ ላይ ሲተክል ብታየውም፣ ይገዙ ያንን ቃል ሲናገር የሰማ ሌላ ሰው የለም፤ የእሷ ቃል ደግሞ ማር ገዝታ በላከች ዕለት ዋጋውን አጥቷል። ስለዚህ ልጁ ራሱ መጥቶ፣ ራሱ ቆፍሮ፣ አባቱ የተከለውን በእጁ እስኪይዝ ድረስ ማንም እንዳይነካው ቆረጠች።

መስቀል መጣ፤ ዝናቡ ግን አልወጣም። የጎጆ መንገድ በደኅናው ጊዜም መንገድ ነው አይባል፣ ያን ሰሞን ጭራሽ መኪና ጭቃ ውስጥ እያደረ ቃለአብ ከጊንጪ ተመለሰ። ቀጥሎ የተማሪ ፈተና አለብኝ አለ። ከዚያ ደግሞ፣ «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ እማዬ» አለ። ዘርፈሽ ገብቷታል። ልጁ መጥቶ ምንም ባያገኝስ ብሎ ፈርቷል።

ጥቅምት ገባ፣ አሁንም ዝናብ። የድንቹን ቅጠል ምች መታው፤ ጠቆረ፣ አገዳው መሬት ላይ ተኛ። ጎጆ ላይ የደረሰ ድንችን አፈር ውስጥ ማቆየት የተለመደ ነው፤ ለወጥ የሚበቃውን ያህል እየቆፈሩ ማውጣት ነው። ያ ግን ሰማዩ በጊዜው ለሚጠራበት ዓመት ነው። ድንቅቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ በየቀኑ ትለምናታለች። «ዘርፌ፣ ማሎ አውጪው። ውኃ ተኝቶበታል። ሲመጣ ከጆንያ ያየዋል።»

«ጆንያ ውስጥ ያለማ የገበያም ሊሆን ይችላላ» ትላለች ዘርፈሽ። «ከመሬቱ ነው ማየት ያለበት።»

ግትር ናት። የይገዙን የጥበቃ ካፖርት ለብሳ፣ በዚያ ብርድ፣ ውኃው እንዲወርድ ቦይ ስትቆፍር ትውላለች። ረድፎቹን በላስቲክ ሸፈነች፤ ነፋስ ወሰደው፤ ደግማ ሸፈነች። ጉልበቷ አበጠ። አንድ ረድፍ እንኳ ከፍታ የማየት ድፍረት አላገኘችም፤ ብታይ ምን ልታደርግ?

ኅዳር በገባ ሰሞን ስልኩ ጮኸ። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ ቃለአብ። «ቁርጥ ነው።»

ዘርፈሽ እግሯ መሬት አልነካም። ሐሙስ ጠዋት ጓሮ ወጣች፣ ተንበረከከች፣ ከመጀመሪያው ረድፍ አንዱን ልታይ እጇን ሰደደች። እጇ ገባ። ድንቹ እንደ ሊጥ በጣቶቿ መካከል ወጣ፤ ሽታው ፊቷን መታት። ሁለተኛውን ቆፈረች፣ ሦስተኛውን፣ ስድስቱንም። አንድ ደኅና አልነበረም። ጭቃው ላይ ተቀምጣ ይገዙ ከሞተ ወዲህ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች፣ ስሙን እየጠራች፣ ደግሞ እየወቀሰችው። ለምን ሰኔ ላይ አልደወልክም? አንድ ጥሪ ምን ነበረበት?

ድንቅቱ በለቅሶው ደንግጣ እየሮጠች መጣች፤ አይታ ክው አለች። «ማል ጎና፣ ዘርፌ? ምን ይሻላል?»

የተሻላቸውን አደረጉ። ዕለቱ ገበያ ነበር። ብስባሹን ከነአገዳው በጆንያ እየሞሉ ከጓሮው በታች ከሚወርደው ወንዝ ጣሉት፤ ጎርፉ ወሰደው። ከገበያ ቀይ ድንች ተሸክመው መጡና በስድስቱም ረድፍ እየደረደሩ ቀበሩ። አፈር አስታቀፉት። ድንቅቱ «ኃጢአት ነው» እያለች ነው የምትቀብረው፤ ግን ከዘርፈሽ ይልቅ እሷ ትፈጥናለች። አንዷ ባለ ማዕተብ፣ አንዷ በጴንጤዎቹ ጉባኤ ከፊት የምትቀመጥ፣ ሁለት ያረጁ ሴቶች የደረሰ ድንች መልሰው ሲቀብሩ ያየ ሰው ቢኖር ሁለቱም አብደዋል ይል ነበር። ሲጨርሱ ዘርፈሽ ወደ ኋላ ብላ አየችው። አማረላት። ልጄ ባዶ መሬት አያገኝም አለች በሆዷ።

ቅዳሜ ቃለአብ ደረሰ። ከስቷል። ጉልበቷን ስሞ ቀና ሲል፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ፣ እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው። መደቧን ሲያይ ቆመ። አረም የለም፤ ስድስት ረድፍ ተኮትኩቶ ተቀምጧል።

«በእውነት ተክሎት ነበር?» አለ። ድምፁ ተሰበረ። ይኼን ድምፅ ዘርፈሽ ከልጅነቱ ወዲህ አልሰማችውም።

«ነገርኩህ እኮ። አገዳውን ምች መትቶት እኔ ነኝ ያጨድኩት። ቆፍር።»

ጃኬቱን አውልቆ ዶማውን አነሳ። በመጀመሪያው ምት ድንች ወጣ። ብድግ አደረገውና በሁለት እጁ ያዘው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንደ ልጅነቱ አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠረገው። ከዚያ ጣቱ ቆመ። ድንቹ ጉድጓድ ጉድጓድ ባለበት ሁሉ የተጣበቀው አፈር ቀይ ነው። የይገዙ ጓሮ አፈር ደግሞ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ሌላ አወጣ፤ ያም ላይ ቀይ አፈር። በእጁ ወደ ታች ፈለገ፤ አንዲት ሥር የለችም። ድንቾቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ተኝተዋል። ጎጆ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ድንች እንዴት እንደሚወለድ ማንም አያስተምረውም።

«እማዬ፣ ይኼ ቀይ አፈር ከየት መጣ?»

«ዝናቡ ይሆናላ ያመጣው» አለች ዘርፈሽ።

ቃለአብ ቀና ብሎ አያት። ያን ጊዜ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። «በስብሶብኝ ነው። እሱ የተከለው በስብሶብኝ ነው፣ ልጄ። አንተን ስጠብቅ በሰበሰ። እንዳታዝን ብዬ ነው ይኼን የቀበርኩት።»

«የበሰበሰውስ የታለ?»

«ወንዝ ጣልነው።»

«አገዳውም?»

«አገዳውም።»

ድንቅቱ ከአጥሩ ማዶ ስትሰማ ቆይታ መጣች። «እውነቷን ነው፣ ልጄ። ኦቦ ይገዙ ሲተክለው በዓይኔ አይቻለሁ» አለችው።

«ይኼን ሲቀብሩስ አብረው ነበሩ፣ አዴ?» አላት በአክብሮት።

ድንቅቱ መሬት መሬት አየች። «ነበርኩ» አለች።

ቃለአብ ራሱን ነቀነቀ፣ ሽማግሌ ሲያወራ ሳያምኑት ለአክብሮት እንደሚነቀነቀው። ዘርፈሽ ያን አንገት ስታይ የሠራችው ሁሉ ተገለጠላት። ያ የገማው ነገር እንዳለ ቢቆይ ኖሮ፣ ስድስት ረድፍ የጠቆረ አገዳና ስድስት ረድፍ ብስባሽ፣ ልጇ አፍንጫውን ይዞ ያምናት ነበር። የበሰበሰ ድንች ከገበያ ገዝቶ የሚቀብር የለም። ይገዙ በሕይወቱ መጨረሻ ለልጁ የተናገረውን አንድ ነገር በገዛ እጇ ጆንያ ሞልታ ለጎርፍ ሰጥታዋለች።

ልጁ አልተጣላትም። ዶማውን አንስቶ ስድስቱንም ረድፍ ጨረሰ፣ አንድ ሳያስቀር። ካፊያው ጀመረ። ጆንያውን አስሮ፣ እጁን ታጥቦ፣ «እወስደዋለሁ» አለ። «እበላዋለሁ፣ አታስቢ።»

«እደር እንጂ።»

«ነገ ጠዋት ጉባኤ አለኝ።»

በሩ ድረስ ሸኘችው። ባጃጁ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ክንዱን ያዘችው። «ቃለአብ፣ ሌላውን ሁሉ ዋሽቼህ ይሆናል። ይኼን አልዋሸሁህም። አባትህ ይቅር ብሎሃል።»

ግንባሯን ሳማት፤ ብዙ ቆየ። «እኔም ይቅር ብዬዋለሁ፣ እማዬ» አለ። «ቢልም ባይልም።»

ጆንያውን ጭኖ ሄደ። ዘርፈሽ በሩ ላይ እንደቆመች «ብሏል» አለች። ባጃጁ ከታጠፈ፣ ድምፁም ከጠፋ በኋላ፣ ካፊያው ነጠላዋን እያረጠበው፣ «ብሏል እኮ» ትላለች፣ ድንቅቱ መጥታ እጇን ይዛ እስክታስገባት ድረስ።