የአመዱን ንጉሥ ለመግደል

ልብስ ተኳሿ ባሏን በቀበረች ሰሞን አንድም ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እያለች ጥርሷን ነክሳ ዋለች። ሆዷ ግን እንደ ካውያዋ ግሎ ነበር። ሰውየው ከሥራ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ያረጀ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና አንድ የድሮ የጦርና የአስማት ጨዋታ ሲጫወት ያመሻል። ትዳራቸው እንዲያ ነው ያለቀው። «እናቴ ታማለች፣ እንሂድ» ስትለው፣ «ይቺን ልጨርስና።» «ጣሪያው ሊያፈስ ነው» ስትለው፣ «የአመዱን ንጉሥ ልግደልና።» እናቷም ሞተች፣ ጣሪያውም አፈሰሰ፤ የአመዱ ንጉሥ ግን እንዳለ አለ። በመጨረሻ የሰውየው ልብ እዚያው ወንበር ላይ ቀጥ አለች።

ሙቱን መውቀስ ነውር ከሆነ፣ ያልሞተ ጠላት አላት። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ዋርሳዋን አስጠራችው። የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው መነጽር መሥራት ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ከወንድሙ ጋር ያደገበትና ደጋግሞ የጨረሰው ነው።

«ያንን ንጉሥ እንዴት እንደሚገድሉት አሳየኝ» አለችው።

«አንቺ? እትዬ፣ ስልክሽን እንኳ የማስተካክልልሽ እኔ አይደለሁ?»

«አስተምረኝ አልኩህ እንጂ አስቀኝ አልኩህ?»

ሳቁን ዋጥ አደረገና ከጎኗ ተቀመጠ። «እሺ፣ መጀመሪያ ሰው ትመርጫለሽ። ባለ ሰይፍ አለ፣ አስማተኛ አለ፣ ተኳሽ አለ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስተኩስ ኖሬ ሌላ ምን እመርጣለሁ?»

ቀስት ይዛ ወጣች። በመጀመሪያው ቀን የጨዋታው አይጥ በላቻት። ዋርሳዋ በየእሑዱ እየመጣ የሚያውቀውን አንድ በአንድ ነገራት። ያገኘሽውን ሰው ሁሉ ሁለቴ አነጋግሪ፤ በመጀመሪያው ይዋሽሻል፣ በሁለተኛው ይናዘዛል። የመድኃኒት ብልቃጥ አትሽጪ። ጋሻሽን ሳታሳድሺ ዋሻ አትግቢ። ዘንዶው ከተኛ አልፈሽው ሂጂ፣ ጀግንነት አያምርሽ። ከትልቅ ውጊያ በፊት ያለሽበትን አስቀምጪ፤ ብትሞቺ ካስቀመጥሽበት ትነሻለሽ።

እሷም ሱቋ ውስጥ በእንፋሎት ፊቷን እያላበው፣ የቀሚስ ሽንሽን እየተኮሰች ምክሩን ታጠናለች። ጥላቻ ትዕግሥት ይሰጣል። ባሏ ያማርር የነበረበትን ረግረግ አለፈችው፤ ዘንዶውንም እስኪተኛ ጠብቃ በእግር ጣቷ አለፈችው። በመጨረሻ ከንጉሡ ጥቁር የብረት በር ደረሰች።

ከመግባቷ በፊት ያለችበትን ልታስቀምጥ ስትል ከእሷ ማስቀመጫ በታች የባሏን አየች። እስከ አሁን ልትነካው አልፈለገችም ነበር። ከፈተችው። የባሏ ጀግና የወርቅ ጥሩር ለብሶ፣ ከረጢቱ በመድኃኒት ተሞልቶ፣ ከዚያው በር ፊት ቆሟል። ከዚያ በፊት ያስቀመጠውን ከፈተች፤ ያው በር። የቀደመውንም ከፈተች፤ ያው በር።

ዋርሳዋ ሲመጣ ወንበር አልሳበችለትም።

«ወንድምህ ምን ጎድሎት ነው በሩን ያልገባው?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። «ምንም አልጎደለውም፣ እትዬ። ከገባሁ ጨዋታው ያልቃል ይል ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠርጋችሁ ጥቂት ቆይቶ።»

«አንተም ታውቅ ነበር።»

መነጽሩን መልሶ ዓይኑ ላይ አደረገ። እሷ ስክሪኑን አየች። ንጉሡ ምን በደላት? እሱም እንደ እሷ ከበር ኋላ ተቀምጦ፣ ይመጣል እያለ ሲጠብቅ የኖረ ምስኪን ነው። ያ ሁሉ «ልጨርስና» ውሸት ነበር። ያኔ አፏ ተፈታ፤ ዓመት ሙሉ የዋጠችውን ሁሉ፣ ሙት ነው ሳትል፣ ወንድሙ ፊት አወረደችው።

ስትጨርስ ወደ ወንበሯ ዞረች። የባሏን ጀግና መልሳ ወደ ጨዋታው ገበያ ወሰደችው፤ የተማረችውንም ምክር ሁሉ ገልብጣ ሠራችበት። ብልቃጦቹን ሸጠች። ጋሻውን ሸጠች። የወርቁን ጥሩር አስወልቃ እሱንም ሸጠች። ከዚያ በየማስቀመጫው ላይ፣ በድሮው ፋንታ፣ ባዶ እጁን የቀረውን አስቀመጠች።

«ተይ እትዬ፣ የወንድሜ መታሰቢያ ነው» አለ ዋርሳዋ።

«መታሰቢያው እኔ ነኝ። ለእኔ ስትሳሱ ግን አላየሁም።»

ጀግናውን በሩ ፊት አቆመችው። «ግባ» አለችው። «ጨርስና ና።»

በሩ ተከፈተ። ንጉሡ ከዙፋኑ እንኳ አልተነሣም፤ አንዴ እጁን ቢያነሣ ጀግናው አመድ ሆነ። ደግማ አስነሣችውና ደግማ አስገባችው። ዋርሳዋ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ ቀስተኛዋን አስገባች። ንጉሡ ቢያሳዝናትም የጀመረችውን መጨረስ ነበረባት፤ በዚያ ቤት አንድ ሰው መጨረስ ነበረበት። ተሸነፈች፣ ተነሣች፣ ደግማ ተሸነፈች። ሊመሽ ሲል ንጉሡ ወደቀ። የሠሪዎቹ ስም ከታች ወደ ላይ ተንሳፍፎ እስኪያልቅ ተቀምጣ አየችው። ደረቷ ውስጥ ያለው እሳት ጨርሶ አልጠፋም፤ ራቧ ግን መጣ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ጠግባ በላች።

ዋርሳዋ ለብዙ ጊዜ ደጇን አልረገጠም። አንድ ቀን ሸሚዞቹን በከረጢት ይዞ ሱቋ መጣና ሰላምታ ሰጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። እሷም ኮሌታቸውን አሳምራ ተኮሰችለት። ስለ ጨዋታው ሁለቱም አላነሡም።