በ«ሃ» የሚጀምሩት እንግዶች

ርዕሳቸው በ«ሃ» የሚጀምር የጃፓን ዘፈኖች ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሻምበል መታፈሪያ ቤት መጡ። በሩን አንኳኩ፤ የእንጨት ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አወለቁ፤ የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ አዙረው ደረደሩና ገቡ። የሻምበሉ ሚስት ዘርፈሽዋል በሩን የከፈተችው ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መስሏት ነበር። ቤቱ ስላልተጠረገ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ቤቱ ግን ተጠርጎ ነበር፤ ለእንግዳ የሚባለው ይኸው ስለሆነ ነው።

ሰው ይመስላሉ ለማለት ያስቸግራል። ወንበር ሲሰጣቸው ግን ይቀመጣሉ፤ ሻይ ሲቀርብላቸውም አንድ ሁለቴ «ኧረ አይቸገሩ» ሳይሉ አይቀበሉም። አማርኛቸው የሻምበሉ አማርኛ ነው። አርባ ዓመት እሳቸው አፍ ውስጥ ኖረው ሌላ ከየት ያምጡ?

ለምን በ«ሃ» የሚጀምሩት ብቻ እንደመጡ ዘርፈሽዋል መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሻምበሉ ገና የመቶ አለቃ ሳሉ ኮሪያ ዘምተው ነበር፤ በመሃሉም ለእረፍት ጃፓን ተላኩ። ጓደኞቻቸው ሰዓትና ካሜራ ሲያማርጡ እሳቸው አንድ የዘፈን ሸክላ መሸጫ ገብተው ተቀመጡ። ባለሱቁ ዘፈኖቹን እንደ እኛ ሀሁ በፊደል ተራ ደርድሯቸዋል። የመቶ አለቃው የተቀመጡት «ሃ» መደርደሪያ ፊት ነበር፤ ያንን ሲያስጫውቱና ሲያጠኑ ፈቃዳቸው አለቀ። የቀሩትን ፊደላት ሳይነኩ ወደ ጦር ሜዳ ተመለሱ።

አሁን ሻምበሉ አልጋ ላይ ናቸው። ሕመማቸው መርሳት ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጡበትን ረሱ፤ ቀጥሎ የቤታቸውን መንገድ፤ ኋላም የማንኪያ አያያዝ። በመጨረሻ ዘርፈሽዋልን ረሱ። ጠዋት ጠዋት ገንፎ ስታጎርሳቸው፣ «እመቤቴ፣ የዚህ ቤት ሰዎች መቼ ይመጣሉ?» ይሏታል። ቢቆጧት ወይም ቢገፈትሯት ይሻላት ነበር፤ አንጀቷን የሚቆርጠው ትህትናቸው ነው። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፤ እንደ ድሮው አንዴ «ዘርፌ» ብለው እንዲጠሯት።

ከዘፈኖቹ በዕድሜ የገፋው ጉዳያቸውን አስረዳት። እያንዳንዳቸው ሻምበሉ ከረሱት አንድ አንድ ነገር ይዘዋል። እስከ መጨረሻው ሲዘፈኑ የያዙትን አስረክበው ይሄዳሉ። መሃል ላይ ከተቋረጡ ግን ኃላፊነት አይወስዱም።

ዘርፈሽዋልም ዝፈኑ አለቻቸው። ስለ መርፌ የሚለው ሲያልቅ ሻምበሉ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ። ስለ አመድ የሚለው ሲያልቅ ጺማቸውን ልላጭ አሉ፤ ተላጩም። ስለ ጸደይ የሚለው ሲያልቅ ያለ ደጋፊ ጓሮ ደርሰው ተመለሱ። የጨረሰው ሁሉ እጅ ነስቶ ጫማውን ያጠልቅና ይወጣል። እሷም እያንዳንዱን በር ላይ እየያዘች ስሟ እሱ ዘንድ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ሁሉም የለም አሏት። ማድ ቤት ገብታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግና ቀጣዩን ታስገባለች።

መጨረሻ የቀረው ስለ ድልድይ የሚለው ዘፈን ነበር።

«ስሜ አንተ ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ ነው» አላት። «ግን ከድልድዩ ማዶ ነው። እስኪሻገሩ ትንሽ ይታገሡ።»

ዘፈኑ ጀመረ። ሻምበሉ አልጋው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ከብርድ ልብሱ ሥር እግራቸው ይራመድ ጀመር። ከታች የውሃ ድምፅ ተሰማ። ዘርፈሽዋል ከንፈራቸውን ታያለች፤ አንድ ቃል ሊወጣ እየተሰናዳ ነው። መሃል ላይ ሲደርሱ ግን የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባ ነፊው አጥሩ ሥር ቆሞ ጎረቤታቸው አቶ ገብረየስ ማረፋቸውን ለፈፈ፤ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያም ሚስታቸው ጮኹ።

ለቅሶ ቤት አጠገብ አይዘፈንም። እሷን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን አስከሬን ሳይወጣ ዘርፈሽዋል ቤት ዘፈን ተሰማ ከተባለ ሰፈሩ ዕድሜ ልኳን ያላምጣታል።

«ጥቂት ነው የቀረኝ» አለ ዘፈኑ።

«ነውር ነው። ሠልስቱ ሲያልፍ ትጨርሰዋለህ» አለችና ነጠላዋን አውልቃ አፉን አሰረችው። ዘፈኑ ጨዋ ስለነበር አልታገላትም።

ከዚያ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰዎቹ ለአቶ ገብረየስ ያለቀሰች መስሏቸው ደግነቷን አደነቁ። በየመሃሉ ቤት ብቅ ስትል ሻምበሉ ያው እንደተቀመጡ ናቸው፤ አንድ እግራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ እጃቸው የማይታይ መደገፊያ ጨብጧል፤ ዓይናቸው ወደታች ውሃ ያያል። ምግብ አልቀመሱም። ዘፈኑ አጠገባቸው አፉን እንደታሰረ ይጠብቃል።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሲፈርስ ለአቶ ገብረየስ ሚስት እግዜር ያጽናዎት ማለቱን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ ሮጠች። ነጠላውን ፈታች።

«ቀጥል» አለችው።

ዘፈኑ አፉን ከፈተ። ዘጋው። «የት ላይ ነበርኩ?»

«ድልድዩ መሃል።»

«የቱ ድልድይ?» አላት በትህትና።

ያኔ ራሷ ልትዘፍነው ሞከረች። ሻምበሉ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ሲላጩም፣ አትክልት ሲያጠጡም ያንጎራጉሩት ነበርና መነሻውን ታውቀዋለች። መጨረሻውን ግን ሰምታው አታውቅም። ሁልጊዜ መሃል ላይ ሲደርሱ፣ «ሻምበል፣ ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ጎረቤት ይሰማል» ትላቸው ነበር። እሳቸውም ይተዉት ነበር። ይህን ስታስታውስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ይዛ ለመነቻቸው። እግሩ ቀዝቅዞ ረጥቧል።

ቢጠጡ ብላ ውሃ ልታሞቅ ማድ ቤት ሄደች። ብርጭቆውን ይዛ ስትመለስ የሻምበሉ ቆዳ ጫማ ከደጃፉ የለም። ብርድ ልብሱ እስከ ወገቡ ተነክሮ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከሥሩ የተኛው ሻምበሉ ሳይሆኑ ዘፈኑ ነበር። የሻምበሉን ሳል ሳለ፤ ትራሱን እንደ እሳቸው በክርኑ ገፋ አደረገና ዞሮ አያት።

«ዘርፌ» አላት በሻምበሉ ድምፅ።

ብርጭቆው ከእጇ አልወደቀም፤ አጥብቃ ይዛዋለች።

«ዘርፌ፣ የዚህ ቤት ሰዎች መቼ ይመጣሉ?»

ይመጣሉ አለችው። ውሃውን አጠጣችው፤ አገጩን ጠረገችለት፤ በሩን ልትዘጋም ሄደች። ደጃፉ ላይ የዘፈኑ የእንጨት ጫማዎች አፍንጫቸውን ወደ ቤቱ አዙረው፣ እስከ አፋቸው ውሃ ሞልተው ቆመዋል።