ለቡድኑ ቀን ግማሽ ክኒን

ሐኪሟ ፓርኪንሰን የሚባለው፣ የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያስር ሕመም የያዛቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ከማየት ይልቅ በየወሩ ከነአስታማሚዎቻቸው በአንድ አዳራሽ ሰብስባ ማየትን መርጣለች፤ አንዱ ከሌላው ይማራል፣ ብቸኝነትም ይቀንሳል ብላ። ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ፤ ሁሉም ሁሉንም ያያል። ያላሰበችው ነገር ቢኖር፣ ሰው በባልንጀሮቹ ፊት ደክሞ መታየትን ከሕመሙ አብልጦ እንደሚፈራ ነው።

ከሕመምተኞቹ አንዱ የሆነው አናጺ ይህን ፍርሃት አሳምሮ ያውቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲገጥምና ጣራ ሲያዋቅር የኖረ ሰው፣ አሁን እግሩ ከወለሉ ጋር የተቸነከረ ይመስል ደፍ ላይ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ስለዚህም በቡድኑ ቀን ከታዘዘለት መድኃኒት ላይ ግማሽ ክኒን እንድትጨምርለት ሚስቱን ለመናት፤ እሷም አንጀቷ አልቻለምና ሰጠችው። እውነትም ያን ቀን እንደ ጎረምሳ ተራመደ። ሐኪሟ አመሰገነችው፤ ባልንጀሮቹ ቀኑበት። ከዚያ ወዲህ ግማሿ ክኒን ከቡድኑ ቀን አልፋ ለገበያ ቀን፣ ኋላም ለየዕለቱ ሆነች።

እንግዶቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ባዶ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ ሰውየው ላይ እንዳትቀመጥ ከለከላት። እሷ ሣቀች፤ እሱ አልሣቀም። ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው እንደሆነ፣ አንዳንዴም ልጅ አስከትሎ እንደሚመጣ ነገራት። ምን እንደሚሉት ስትጠይቀው ዝም ብለው እንደሚቀመጡ መለሰላት። ለሐኪሟ ትንፍሽ እንዳትልም አስማላት። ከተነገረ መድኃኒቱ ይቀነሳል፤ ከተቀነሰ ደግሞ እግሩ ይታሰራል። «አልጋ ላይ ከምታውዪኝ ብትገድዪኝ ይሻለኛል» አላት። ማለችለት።

በዛሬው ስብሰባ ከሕመምተኞቹ አንዱ የሆነው ጡረተኛ ዳኛ እንደ ልማዱ ቡድኑን እያሣቀ ነበር። ሻይ ይዞ ሲመጣ ግማሹን ለወለሉ አካፍሎ እንደሚደርስ፣ ስለዚህም በቤቱ እንደ እሱ ያለ ቸር እንደሌለ አወራ። ከዚያ ሕመምተኞቹ ከሐኪሟ ጋር ቀሩና አስታማሚዎቹ ብቻቸውን የሚያወጉበት ሰዓት ደርሶ ወደ ጎን ክፍል ገቡ።

እዚያ ወሬው ፈታ አለ። የዳኛው ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዛሬ ጠዋት ለአባቷ አንድ ሙሉ ክኒን እንደጨመረችለት ነገረቻቸው። ሌላዋም ሣቅ እያፈናት የእኔም ቤት እንደዚያው ነው አለች፤ ሌላውም እንዲሁ። ለካ ሐኪሟ ከሕመምተኞቹ አንዳቸውንም በእውነተኛ መልካቸው አይታ አታውቅም። የአናጺው ሚስት ከልቧ ሸክም የወረደ መስሏት አብራ ሣቀች።

ያልሣቀችው የቡድኑ አባል የሆነ የአንድ ሾፌር ሚስት ብቻ ናት። ከሰሞኑ ባሏን ሳታስከትል ብቻዋን ነው የምትመጣው፤ ለምን እንደሆነም ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም።

«ለኔም ሰውዬ በሰው ፊት እንዳያፍር እያልኩ እጨምርለት ነበር» አለች። «እንግዶች መጡበት። መጀመሪያ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ኋላ ማውራት ጀመሩ። የሚያወሩት ስለ እኔ ነው።»

ሻርፗን ከአንገቷ ላይ ገለጥ አደረገች። የጣት ምልክቶች ነበሩ፤ ጠቋቁረው ገና አልጠፉም። አሁን ባሏ እዚሁ ሆስፒታል፣ በሩ ከውጭ በሚቆለፍ ክፍል ተኝቷል። «እሱን እንዳላሳፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ እህቴ» አለቻት፣ ከሁሉም መካከል የአናጺውን ሚስት መርጣ እያየች።

የአናጺው ሚስት እጇን ወደ ገዛ አንገቷ ሰደደች። ሥራ ካቆመ ዓመታት ያለፉት ባሏ ትናንት ጓሮ ተቀምጦ መሮውን ሲስል ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም፤ እጁ ሥራ ናፍቆት ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር።

ወደ አዳራሹ ሲመለሱ አናጺው ለቡድኑ አርአያ እንዲሆን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተራመደ ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን እያወዛወዘ መጣ። መካከል ላይ ሲደርስ ግን ቆመ፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «ይለፉ» አለ። በፊቱ ማንም አልነበረም። ዳኛው የዘረጋውን እግር ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«ማን ነው የሚያልፈው?» አለች ሐኪሟ።

አናጺው ሚስቱን አየ። የማለችለትን ነገር በዓይኑ አስታወሳት። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፣ ቀልዱን ለዳኛው ብቻ መተው ስለማይገባ እንደሆነ ተናገረ። አንዳንዱ ሣቀ። ሐኪሟም ልታምነው ምንም አልቀራትም።

«ቀልድ አይደለም፣ ዶክተር» አለች ሚስቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «ቤትም ይመጡበታል። ክኒኑን እየጨመርኩ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እኔ ብቻም አይደለሁም።»

አስታማሚዎቹ አቀረቀሩ። የዳኛው ልጅ ወደ አባቷ ዞራ ያን ጊዜ እግሩን ለምን እንደሰበሰበ ጠየቀችው። ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። «የኔው እንግዳ መስሎኝ ነው፣ ልጄ» አላት።

ሐኪሟ እነዚህን ሰዎች ገና ዛሬ ያየቻቸው ይመስል ክቡን ዞራ ተመለከተች። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ሳይቋረጥ ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ፣ አናጺው ግን ዛሬውኑ ተኝቶ መታየት እንዳለበት ተናግራ ነርሷን አልጋ እንድታዘጋጅ ላከቻት።

ሚስቱ ለቁጣው ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም። ጆሮውን ባዶ ወደሆነው ጎኑ ዘንበል አድርጎ ጥቂት አዳመጠ፤ ራሱንም ነቀነቀ።

«እውነትህን ነው» አለ በለሆሳስ። «እንዳልከው አደረገችው።»

ክንዱን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ሸሸ አለ። ነርሷ መንገዱን ስትመራው በረጅሙ ኮሪደር ያለ ማንም ድጋፍ ተራመደ፤ ሚስቱም ከጎኑ ሄደች፣ እሱ በመካከላቸው ሆን ብሎ የተወውን፣ አንድ ሰው የሚያስኬድ ክፍተት ሳትደፍር።