አባት ያልሰማው ፉጨት

ልጅቱ «ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ» ማለት የጀመረችው አባቷ የሠራውን ኢንቨርተር ከራስጌዋ ግድግዳ ላይ በሰቀለ ሰሞን ነው። ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው አልነበረም። ማገናኘት የነበረበት ደግሞ አባት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ኤሌክትሪክ ሲቀየር በየመንገዱ የሚባክነውን ኃይል ሲያሳድድ የኖረ ተመራማሪ ነዋ! ልጁን ግን አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አላዳመጣትም።

ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል ለቤቱ መብራትና ለማቀዝቀዣው እንዲሆን አድርጎ የሚቀይር ሳጥን ነው። ውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች፣ ማለትም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ በሰከንድ ሃያ ሺህ ጊዜ ይበሩና ይጠፉ ነበር። በበሩና በጠፉ ቁጥር ትንሽ ኃይል ሙቀት ሆኖ ስለሚባክን ሰውየው ግድግዳው ላይ ሳይሰቅለው በፊት ወደ አሥራ አራት ሺህ አወረዳቸው። ሳጥኑ ቀዘቀዘ፣ ውጤቱ አማረ፣ እሱም ባልደረቦቹ ፊት ደረቱን ነፋ።

ልጅቱ እንቅልፍ አጥታ ከሳች። ሐኪሙ ጆሮዋን አይቶ ጤነኛ ነሽ አላት። ሳሎን ልተኛ ብላ ብትለምን አባት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«ፈተና ሲደርስ ለሚነሳ በሽታ መድኃኒቱ ማጥናት ነው» አላት፤ እናቷም ሳቀች። ቀልዱ ዘመድ ቤት ደርሶ አክስቷ «ፉጨቴ» እያለች ትጠራት ጀመር። ልጅቱም ስለ ጆሮዋ ማውራት ተወች፤ አባት በልቡ «አላልኳችሁም?» አለ።

ዛሬ ጠዋት አዲስ የተቀጠረች ወጣት ተመራማሪ አባት ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ ስትገባ፣ የዚያው ሳጥን መንትያ ጠረጴዛ ላይ እየሠራ ነበር። ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች።

«ይቅርታ ዶክተር፣ ይሄ ፉጨት አይረብሽዎትም?»

«የምን ፉጨት?»

ስልኳን አውጥታ የድምፅ መለኪያውን አሳየችው። አሥራ አራት ሺህ ላይ አንድ ረጅም መስመር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ሃያ ሺህ ሲሆን የሰው ጆሮ አይደርስበትም፤ ይሄን ግን ወጣት ይሰማዋል፣ በእርስዎ ዕድሜ ብዙ ሰው አይሰማውም እኮ» አለችው። «ቀድሞ ከጆሮ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው።»

ሰውየው ክው አለ። አዲስ ነገር ሆኖበት አይደለም፤ ራሱ ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ነው። በገዛ ቤቱ ግን እሱ ያልሰማው ነገር የለም ብሎ ፈርዶ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቦርሳውን እንኳ ሳያነሳ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

ልጅቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች። ሳጥኑ ከራስጌዋ በላይ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ እየሠራ ነው። መጀመሪያ ይቅርታ ሊጠይቃት አስቦ ነበር፤ የሙያ ነገር ሆኖበት ግን ማረጋገጥ አማረው።

«የኔ ልጅ፣ ፉጨቱ አሁንም ይሰማሻል?»

ቀና ብላ አየችውና ፈጥና ወደ መጽሐፏ ተመለሰች።

«አይ አባዬ፣ ድኛለሁ። ከተወኝ ቆየ። እያጠናሁ ነው እኮ።»

ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብሎ ማጥፊያውን ተጫነው። ለእሱ ጆሮ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። የልጅቱ ትከሻ ግን ቀስ ብሎ ወረደ፤ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንባዋም ወረደ።