ጀልባዋን የሚቀበሉ ቧንቧዎች

ጋሽ ሚሊ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የብየዳ ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሌላው በር ሲሠራ በዓይኑ ገምቶ «ይበቃዋል» ሲል፣ እሳቸው ስለ አንድ ሚሊሜትር ግማሽ ቀን ይከራከሩ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ስሙም አብሯቸው ወጣ። ለብረት እንዲህ የሚጨነቁ ሰው ወደ ንግግር ሲመጣ ግን ምን እንደሚነካቸው እንጃ። የሚናገሩትን ነገር ሲያወጡ ሲያወርዱ ይሰነብቱና፣ ሰዓቱ ሲደርስ ስለ አየሩ አውርተው ይለያያሉ።

የቀራቸው ነገር ሁለት ነው፤ አንዲት ጀልባና አንዲት ልጅ። ጀልባዋ ከኋላ ሞተር፣ ከፊት አንድ መቀመጫ ያላት ትንሽ የአልሙኒየም ጀልባ ናት። ልጃቸው ሚጡ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሁድ እሁድ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም። አባትና ልጅ ጀልባዋን በመኪና ጎትተው ወደ ሐይቁ ይሄዳሉ።

ይሄዳሉ ማለት ግን አብረው ይውላሉ ማለት አይደለም። ሐይቁ ዳር ወደ ውኃው የሚወርድ የሲሚንቶ ቁልቁለት አለ። ጀልባዋ የተጫነችበት ተጎታች በመኪና እየተገፋ በኋላው ይገባና ውኃ ይውጠዋል፤ የት እንዳለ አይታይም። ነፋሱ ደግሞ የጀልባዋን ጭራ እየገፋ ያጣምማታል። ስለዚህ አንድ ሰው ውኃው ውስጥ ቆሞ ጀልባዋን በሁለት እጁ መያዝ አለበት፤ ያ ሰው ሚጡ ናት። ቦት ጫማዋን አድርጋ ትገባለች፤ ውኃው ከቦቱ አፍ አልፎ ይሞላዋል።

«ወደ ግራ አባዬ! ግራ አልኩህ እኮ! እሱ ቀኝ ነው!»

ጀልባዋ ከወረደች በኋላ ሚጡ እየተንቀጠቀጠች መኪናው ውስጥ ገብታ ማሞቂያ ትከፍታለች። እንደዚያ በስብሶ ነፋስ ላይ ማን ይቀመጣል? አባትየው ብቻቸውን ሐይቁን ዞረው ሲመለሱ፣ እንደገና ቦቷን አጥልቃ ትቀበላቸዋለች። ወደ ቤት ሲመለሱ ድካሙ ጥሏት መንገዱን ሙሉ ትተኛለች። እንግዲህ የጋሽ ሚሊ እሁድ ይሄ ነው፤ ከልጃቸው የሚደርሳቸው ጩኸቷና እንቅልፏ።

እሳቸው የሚፈልጉት ትልቅ ነገር አይደለም። ሚጡ ደረቅ ልብስ ለብሳ፣ እዚያ የፊቱ መቀመጫ ላይ ተቀምጣ፣ አብራቸው ሐይቁን እንድትዞር ነው። ብታወራ ደስ ይላቸዋል፤ ዝም ብትልም ግድ የለም። እናቷም ዕድሜዋን ሁሉ ገመድ ይዛ ውኃ ዳር ቆማ ነው የሄደችው፤ ይሄ ሲታወሳቸው ሌሊት እንቅልፍ ይነሳቸዋል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ቀን ግቢያቸው ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ሁለት የውኃ ቧንቧዎችን አጥፈው፣ ከተጎታቹ ግራና ቀኝ፣ ወደ ኋለኛው ጫፍ አቆሟቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በያጅ ቢሆኑም አልበየዷቸውም፤ የቧንቧዎቹን የዝገት መከላከያ ቅብ እሳት ይበላዋልና በማቀፊያ ብረትና በብሎን አሰሯቸው። ጀልባዋን እንዳይጭሯት ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ አለበሷቸው። ተጎታቹ ሲሰጥም የቧንቧዎቹ አናት ከውኃው በላይ ይቀራል። ሰው ዳር ላይ ቆሞ ጀልባዋን በገመድ መሐላቸው ካስገባ፣ ነፋሱ የፈለገውን ያህል ቢገፋ ግራው ወይ ቀኙ ቧንቧ ይቀበላታል። ማንም መርጠብ የለበትም።

መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ልክክ አድርገው ገጠሟቸውና ጀልባዋ ተቀረቀረች። ራሳቸውን እየተሳደቡ ብሎኑን ፈተው ቧንቧዎቹን ትንሽ አራቋቸው። ከዚያ የፊቱን መቀመጫ ጠረጉ፤ ስፖንጁንም ቀየሩት። ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲለማመዱ ሰነበቱ፦ «ዛሬ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።» መስታወት ፊት አሏት፤ ጢማቸውን ሲላጩ አሏት። ምንም አትከብድም ነበር።

እሁድ ደረሰ። ሚጡ ሐይቁ ዳር እንደ ወረደች ቦቷን መሳብ ጀመረች።

«ተዪው፣ አታድርጊው» አሏት።

«እንዴ፣ ልትሰጥም አሰብክ?»

«ዝም ብለሽ እዪ።»

ጀልባዋን አወረዱ፤ ወዲያው ደግሞ በገመድ ስበው መለሷት። ነፋሱ ጭራዋን ገፋ፤ ጀልባዋ የግራውን ቧንቧ ነካ አድርጋ ተመለሰችና ሰተት ብላ ቦታዋ ገባች። ጋሽ ሚሊ ጫማቸው እንኳን አልረጠበም። ሚጡ እየጮኸች መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ! አንተ ጉደኛ! ለኔ ብለህ ነው አይደል የሠራኸው?»

«ላንቺ ብዬ ነው» አሉ። ዓረፍተ ነገሯ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበረች። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

ሚጡ ቀደመቻቸው። «እውነቱን ልንገርህ? ፋርማሲ ያሉ ጓደኞቼ እሁድ እሁድ ተራራ ይወጣሉ። በጠሩኝ ቁጥር አባቴን ብቻውን እንዴት ብዬ እያልኩ እቀራለሁ። ሰው የለኝም አባዬ፤ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ነው። እንዴት ልንገረው ብዬ ስጨነቅ አንተ ለካ ገብቶሃል!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ዛሬም ብደውልላቸው መንገድ ላይ ይወስዱኛል። ብሄድ ይከፋሃል?»

ልጃቸውን እንዲህ ፊቷ በርቶ ካዩ ቆይተዋል። ያቺን ዓረፍተ ነገር መልሰው ዋጧት።

«ምን ይከፋኛል? ሂጂ እንጂ» አሉ። ቀጥለውም ሰማዩን አዩና «አየሩም ጥሩ ነው» አሉ።

በሚቀጥለው እሁድ ብቻቸውን ሄዱ። ሚጡ ጠዋት ደውላላቸው ነበር፤ ከኋላዋ የሰው ሳቅ ይሰማል፤ የእሷም ሳቅ አለበት። ደስ አላቸው። ውኃው ላይ ሞተሩን ሲያስነሱ፣ እንደ ሁልጊዜው ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ሆኖ የጀልባዋ አፍንጫ ሰማይ ሰማይ አየ። ዛሬ ግን ዳር ተመልሰው ጀሪካን ውኃ ሞሉና ፊት ለፊታቸው፣ አዲሱ ስፖንጅ ላይ አስቀመጡት። ጀልባዋ ተስተካከለች። ጀሪካኑን እያዩ ሐይቁን ዞሩ። አንድ ጊዜ «ብርድ አለ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት እሳቸውም አያውቁም።

ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ተረኛ የነበሩት አንድ ጎልማሳና ሚስቱ ናቸው። ሚስት ውኃው ውስጥ እስከ ጭኗ ገብታ ጀልባቸውን ይዛለች። ባል ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል፤ እሷ መልሳ ትጮኻለች። የተሰዳደቡት ስድብ ለሳምንት ይበቃል። ጋሽ ሚሊ ገመዳቸውን ይዘው ዳር ቆመው ሰሟቸው፤ የሚጡ ጩኸት ትዝ ብሏቸው ቶሎ እንዲጨርሱ አልፈለጉም።

በመጨረሻ ባልየው ተስፋ ቆርጦ መኪናውን ከቁልቁለቱ አወጣና «እርስዎ ይቅደሙ አባቴ» አላቸው። ጋሽ ሚሊ ተጎታቻቸውን አስገቡና ገመዱን ሳብ አደረጉ፤ ጀልባዋ በሁለቱ ቧንቧዎች መሐል ገብታ ተቀመጠች። ሰውየው ከመኪናው ወርዶ መጣ።

«ብቻዎን! እኛ እዚህ ልንፋታ ነው እርስዎ... ማን ሠራልዎት?»

«እኔው ነኝ።»

«ካላስቸገርኩዎ ስፋቱን ይንገሩኝ። በጀልባዋና በቧንቧው መሐል ስንት ልተው?»

«በየጎኑ ሁለት ጣት ተው። ልክክ አታድርገው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» ብሎ ሊሄድ ዞረ።

«ልጄ» አሉት። ሰውየው ቆመ። ጋሽ ሚሊ ውኃው ውስጥ የቆመችውን ሴት አዩ፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። «ከመግጠምህ በፊት ንገራት። ከውኃ የምታወጣት ጀልባው ላይ አብራህ እንድትቀመጥ ከሆነ፣ በአፍህ ንገራት። ቧንቧው አይነግርልህም።» በሕይወታቸው እንዲህ ረጅም ነገር ለማያውቁት ሰው ተናግረው አያውቁም።

ሰውየው ግራ ገብቶት ራሱን ነቀነቀና ወደ ሚስቱ ወረደ።

«ምን አሉህ?» ስትል ተሰማች።

«ምንም» አላት። «ስፋቱን ነገሩኝ።»